እናቲቱም አብራ ትግባ

ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ አጠገብ ካሩዥ ውስጥ በምሠራበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የምሳ ሰዓት የእኔ ነው። ልጆቹን ከመምህሮቻቸው እረከባለሁ፣ እጃቸውን አስታጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ከበሉ በኋላ ደግሞ የከሰዓቱ ደወል እስኪደወል ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ እጠብቃቸዋለሁ። ልጅቷን መጀመሪያ ያየኋት በዚሁ ጥበቃ ላይ ሳለሁ ነው። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆማ የብረቱን ዘንግ በሁለት መዳፏ ትመታለች። ትኩር ብዬ ሳይ ለካስ ዝም ብላ አይደለም የምትመታው፤ ግቢ ውስጥ ሴቶቹ ልጆች ፊት ለፊት ቆመው እየዘፈኑ እጅ ለእጅ የሚመታቱትን ጨዋታ ከብረቱ ጋር እየተጫወተች ነው። ዘፈኑ ፈረንሳይኛ ነው። ቋንቋውን እንደማትችል በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ከዘፈኑ ግን አንዲት ቃል አትስትም ነበር።

ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ትራም ፌርማታው አጠገብ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የካርቶን ኩባያ ይዛ ትቀመጣለች። ከሩማንያ የመጡ ሮማዎች ናቸው። ሮማ ሲባል ከጣሊያኗ ከተማ ጋር ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ዝምድና የለውም፤ አውሮፓ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ፣ በሄዱበት ሁሉ ሌባ ናቸው፣ አስማተኛ ናቸው እየተባሉ የሚገፉ ሕዝብ ናቸው።

መገፋት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻቸውን የሚሠራላቸው ሰዎች ደጃፋቸውን አያስረግጡትም፤ ቡዳ ነው ይባላል። አባቴ ከተማ ገብቶ ሌላ ሥራ ቢይዝም ወሬው ተከትሎን መጣ። ትምህርት ቤት የምሳ ዕቃዬን ስከፍት አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ብድግ ይሉ ነበር። በእነሱ አልፈርድም፤ ቤታቸው የተማሩትን ነው ያደረጉት። ግን ከአጥር ውጭ የቆመች ልጅ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ እናትየው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ስደት ላይ ሳለሁ ጣሊያን ከርሜ የለቃቀምኳት ጣሊያንኛ አለችኝ። እሷም ለቲማቲም ለቀማ ጣሊያን ትመላለስ ስለነበር በዚያው ተግባባን። ባሏ ግንባታ ላይ ሲያገኝ ይሠራል፣ ሲያጣ አብሯት ይቀመጣል። ብርድ ሲበረታ ከተማው በሚከፍተው መጠለያ፣ አለዚያ አርቭ ወንዝ ድልድይ ሥር ያድራሉ። አገራቸው ሳሉ የሮማ ልጆች ለብቻቸው በኋላኛው ክፍል ይቀመጡ እንደነበር፣ መምህሩም ባሻው ቀን ብቻ ይመጣ እንደነበር አጫወተችኝ። ልጅቷ እዚህ ትምህርት ቤት ለምን አትገባም ብዬ ብጠይቃት እንደ ሞኝ አየችኝና ወረቀት የለንም አለችኝ።

በማግስቱ ዳይሬክተሯን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት። ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ወላጆቿ ፐርሚ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም፣ አድራሻ የላቸውም፣ ይለምናሉ እያልኩ ስዘረዝር አቋረጠችኝ።

«ማታ የምታድረው እዚህ ጄኔቭ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ቀን የምትውለው እዚህ ነዋ። የወላጆቿን ወረቀት እኛ አንጠይቅም።»

ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመረችም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ የልጆቹ ካፖርት የሚሰቀልበት ጋ ቆምኩ። እኔን አባቴ ሊያስመዘግበኝ ስንት ደጅ እንደጠና አስታወስኩ። ልጅ ስለሆነች ብቻ ቦታ ይኖራታል ብሎ የሚነሳ መንግሥት ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሕጉ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስለኝ ብላ አንዲት ነባር መምህርት ታሪኩን ነገረችኝ። ድሮ ከጣሊያን፣ ከስፔንና ከፖርቱጋል የሚመጡ የወቅት ሠራተኞች ልጆቻቸውን ማምጣት ስለማይፈቀድላቸው ቤት ውስጥ ቆልፈው ይደብቋቸው ነበር። ልጆቹ ጎረቤት እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እያወሩ ያድጉ ነበር። ያንን ያወቁ መምህራንና የሰፈር ሰዎች ናቸው በሩን ሲገፉ፣ ሲገፉ ኖረው ያስከፈቱት።

ብሥራት ይዤ ወደ እናትየው ሮጥኩ። ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

ስሟን ይጽፋሉ አለች። ስሟን ከጻፉ የት እንደምናድር ይጠይቃሉ፣ ድልድይ ሥር ብዬ ስመልስ ልጄን ይወስዷታል። ስዊዘርላንድ የድሃ ልጅ ይወስዳል ብለው መንደሯ ሳለች አስጠንቅቀዋታል። እንደዚያ አይደለም ብዬ ልከራከራት አልቻልኩም። ምክንያቱም ይህ አገር ከእናቷ ጉያ የወሰዳትን ሰው አውቃለሁ። በሚቀጥለው ቀን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ማንም አልነበረም።

ጄኔቭ ከመምጣቴ በፊት የኖርኩት ዙሪክ፣ አፎልተርን ውስጥ ነው። ከኪራይ ሕንጻችን ምድር ቤት ተከራዮች በየተራችን የምናጥብበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረ። የእኔ ተራ ሰማንያ ዓመት ከተጠጉ አንዲት አሮጊት ቀጥሎ ስለሆነ እዚያ መገናኘት ጀመርን። ጀርመንኛዬን ያቃናሁት አንሶላ በአንድ ጫፍ ይዤ እሳቸው በሌላው ጫፍ ይዘው ስናጣጥፍ ነው። በልቤ እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን የወጥ ቤት ቢላዬ መደነዙን ሰምተው ወሰዱትና እንደ ምላጭ አድርገው ሞርደው መለሱልኝ። አባታቸው ቢላ እየሞረደ በየመንደሩ የሚዞር ሰው እንደነበር የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። የኒሽ ናቸው፤ እዚሁ አገር ተወልደው፣ በቤት መሳይ ጋሪ እየተዘዋወሩ፣ ድስት እየጠገኑ፣ ቅርጫት እየሸጡ የሚኖሩ ሕዝብ። እኔም አያቴ ቀጥቃጭ ነበር አልኳቸው። በጣም ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእኔ የሚደብቁት ነገር አልነበረም።

ትንሽ ልጅ ሳሉ ነው፤ እናታቸው ጋሪው ደጃፍ ላይ ድንች እየላጠች ሳለ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። ከፖሊስ ጋር ሆኖ አንድ ንጹሕ የለበሰ ሰው ወረደና እሳቸውን አንሥቶ ይዞ ሄደ። ያኔ መርሑ ይህ ነበር፤ የተጓዦችንና የድሆችን ልጆች ከወላጆቻቸው ነጥሎ «እንደ ሰው» ማሳደግ። ለልጆቹ ይበጃል ተብሎ፣ በበጎ ሥራ ስም ነው የተደረገው። እማማ ከማሳደጊያ ወደ ማሳደጊያ፣ ከዚያ ደግሞ ለገበሬ ቤት ሥራ ተሰጡ። እናትሽ ሞታለች ተባሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። እማማ ግን ከዚያ ወዲህም የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት በር አልፈው መግባት አልቻሉም። ልጃቸው ሲማር የወላጅ ስብሰባ የሚገባው ባላቸው ነው፤ እሳቸው ከማዶ ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ስልክ ደወልኩላቸው። እንዲመጡ ልጠይቃቸው አልነበረም፤ ለዚያች እናት ምን እንደምላት ምክር ፈልጌ እንጂ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«የጠዋቱ ባቡር ጄኔቭ ስንት ሰዓት ይገባል?» አሉ ከዚያ።

እናትየው እንዳትጠፋ ያደረገችው ልጅቷ ናት። እነሱ ቦታ ቢቀይሩም እሷ አጥሩን አልተወችም፤ እናቷን እየጎተተች ትመጣ ነበር። ስለዚህ አግኝቼ አንድ ሰው ከሩቅ መጥተው ሊያነጋግሩሽ ይፈልጋሉ አልኳት። የመንግሥት ሰው ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደሉም፣ መንግሥት ከእናታቸው የወሰዳቸው ሰው ናቸው አልኳት። እሺ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ተቀበልናቸው። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ለበዓል እንደሚሄድ ሰው ሆነው ወረዱ። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ወፎቹን ስታሯሩጥ እማማ በጀርመንኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ ጣሊያንኛ እመልሳለሁ። መኪናውን፣ ድንቹን፣ ማሳደጊያውን፣ ሁሉንም ተናገሩ። እናትየው ጭንቅላቷን ደፍታ አዳመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እናትዎ ፈልገውዎታል?»

ይህን ስተረጉም መልሱን አውቀው ነበር።

«እናቴ በሕይወቷ ቤት ውስጥ አድራ የማታውቅ ሴት ነበረች» አሉ እማማ። «እኔ ከተወሰድኩ በኋላ ጋሪውን ሸጠች። ወደ መጀመሪያው ማሳደጊያ የሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራየችና እስክትሞት ከዚያ አልተነሣችም። ብዞር ልጄ የት ታገኘኛለች ብላ። ትልቅ ሴት ሆኜ ያገኘኋት እዚያው ነው።»

እናትየው እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አየችኝና፣ ታዲያ እንዳላስገባት ሊነግሩኝ ነው የመጡት አለች። ስተረጉምላቸው እማማ ራሳቸውን ወዘወዙ።

«አይደለም። እኔን ሁለቱንም ነው የነሱኝ፤ እናቴንም ትምህርቱንም። ወለል ስፈገፍግ ነው ያደግሁት፤ ማንበብ የተማርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው። ልጅሽ ሁለቱንም ማግኘት አለባት። ነይ፣ አብረን እንግባና ፊት ለፊት እንጠይቃቸው።»

በትራም ወደ ካሩዥ ሄድን። የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስንደርስ እማማ ቆሙ። ይቅር፣ እንመለስ ልላቸው ስል እናትየው ራመድ ብላ ክንዳቸውን ያዘች። ከሁለቱ ማን ማንን እንደደገፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተያይዘው ገቡ፤ ልጅቷም ከፊታቸው እየዘለለች።

ዳይሬክተሯ ወንበር ስታቀርብ እማማ አልቀመጥም አሉ። እንዲህ ሲሆን እሷም ተነሣች፤ ንግግሩ እስኪያልቅም አልተቀመጠችም። እማማ ማን እንደሆኑና ምን እንደደረሰባቸው ባጭሩ ተናገሩ፤ አሁን እኔ ወደ ፈረንሳይኛ ነው የምመልሰው። ከዚያ ጠየቁ።

«ይህችን ልጅ ከእናቷ የሚወስድ ሰው በዚህ በር ይገባል?»

ዳይሬክተሯ ቶሎ አልመለሰችም። ቶሎ ብትመልስ ኖሮ እናትየው የምታምናት አይመስለኝም።

«ስለ አገሩ መሥሪያ ቤት ሁሉ መማል አልችልም» አለች። «በእጄ ያለውን ግን ልንገርዎት። ድህነት ልጅ ለመውሰድ ምክንያት አይሆንም፤ እኔ እዚህ እያለሁ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ልጅቷን ከዚህ ይዛ የምትወጣው እናቷ ናት። መግባት ባሻት ሰዓት ደግሞ ትግባ።»

እማማ ንግግሯን ቃል በቃል ካስተረጎሙኝ በኋላ እጃቸውን ዘረጉ፤ ተጨባበጡ። እናትየው መቼ እንደምታመጣት ጠየቀች። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየት አደረገችና አሁን አለች፤ ሥዕል ትምህርት ሊጀመር ነው። እናትየው ልጇን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ሳትነቃነቅ ቀረች።

«እናቲቱም አብራ ትግባ» አለች ዳይሬክተሯ።

በመስታወቱ በኩል አየሁ። መምህርቷ ከኋላ አንዲት ትንሽ የልጅ ወንበር ሳበች፤ እናትየው ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ጉልበቷ ደረቷን እየነካ ተቀመጠች። ልጅቷ ቀለም ሲሰጣት ዞር ብላ እናቷን አየች፤ እናቷ አንገቷን ነቀነቀች። በዚህች ምድር ላይ ብዙ ነገር አይቻለሁ። እንደዚያች ሴት አቀማመጥ ግን ያስደነቀኝ የለም። እማማ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። አላለቀሱም። ጥቂት ቆይተው ባቡሬ ደርሷል፣ ጣቢያው ድረስ ሸኚኝ አሉ።

በማግስቱ ልጅቷ ምሳ ከእኔ ጋር ነበረች። ምግቡን ኮሙዩኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ይሸፍንላታል ተብሏል። ከሌሎቹ መሐል አስቀመጥኳትና እኔ የፈራሁትን ነገር ጠበቅሁ። በእጇ ነው የበላችው፤ ከዳቦው ግማሹን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። አጠገቧ ያለችው ልጅ አየቻት፣ ምንም አላለችም። ውኃ ጠማት መሰለኝ ዞር ዞር ስትል ያችው ልጅ የራሷን ብርጭቆ ገፋችላት። ጠጣች። የብርጭቆው ባለቤትም መልሳ ተቀብላ የቀረውን ጨለጠችው፤ ምን እንዳደረገች እንኳ አላወቀችም። ብርጭቆ መለዋወጥ አይፈቀድም፤ ደንቡን የማስከብረው እኔ ነኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

መንገዱ ሁሉ የለሰለሰ አልነበረም። ቅማል ታመጣብናለች ያለች ወላጅ ነበረች፤ ዳይሬክተሯ ቅማል ፐርሚ አይጠይቅም፣ የሁሉንም ልጅ ጸጉር እናያለን ብላ ሁሉንም አስፈተሸች፤ የልጅቷ ጸጉር ንጹሕ ነበር። በክረምቱ መሐል የልጅቷ አያት ሩማንያ ውስጥ ታመው ቤተሰቡ ወደዚያ ሄዶ ስለነበር ልጅቷ ለሳምንታት ጠፋች። አለቀ ብዬ ነበር፤ ተመልሳ ስትመጣ ወንበሯን ማንም አልወሰደውም። ከትምህርት ቤቱ ጋር የምትሠራ አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ለቤተሰቡ አንድ የመኖሪያ ክፍል ፈለገችላቸው። መጀመሪያ እናትየው ስለ ፈራች ያ ውይይት የተደረገው በእሷ ጥያቄ እዚያው ትምህርት ቤት፣ በር ተከፍቶ ነው። ከመማሪያ ክፍሉ ኋላ ያለው የእናትየው ወንበር ቀስ በቀስ ወደ በሩ ተጠጋ፣ ቀጥሎ ኮሪደር ወጣ፣ በመጨረሻም እሷ ጠዋት ልጇን ስማ የምትሄድ እናት ሆነች። ወላጆች በሚማሩበት የፈረንሳይኛ ክፍል ገባች፤ ከዚያም የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ሥራ አገኘች። ባሏ አሁንም አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ልጅቷ ዛሬ ፈረንሳይኛዬን ሳታፍር ታርመኛለች።

እማማ ግን ያልጠበቅሁትን አደረጉ። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ታሪካቸውን ለልጆች እንዲናገሩ ለረጅም ጊዜ ሲለምናቸው እምቢ ሲሉ ኖረዋል። በጸደይ ደወሉልኝና እሺ ብያለሁ፣ ያችን እናትና ልጇንም ይዘሽ ነይ አሉኝ። ሦስታችንም በባቡር ሄድን። ልጅቷ ሙሉውን መንገድ መስኮት ላይ ተለጥፋ የምታየውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ለእናቷ ስትነግር፣ እናቷ ቃላቱን እየደገመች ነበር።

እማማ ሰሌዳው ፊት ቆመው ተናገሩ። ወንበር ቢቀርብላቸውም አሁንም አልተቀመጡም። እናትየው ጀርመንኛ ባትሰማም ከኋላ ሆና ታሪኩን ከፊታቸው ላይ ታነብ ነበር፤ የቱ ጋ እንደደረሱ ታውቃለች። ሲጨርሱ መምህሩ ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለ። ማንም እጁን አላነሣም። በሹክሹክታ ስተረጉምላት የነበረችው የእኛዋ ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ ጋሪው ውስጥ እሳቸው የሚተኙት የት ነበር ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ። ጮክ ብዬ ጠየቅሁላት።

እማማ ፊታቸው በራ። ጠመኔ አነሡና ጋሪውን ሣሉት፤ አባት የሚተኛበትን፣ ምድጃውን፣ ከላይ የእሳቸውን አልጋ፣ ከራስጌው ያለችውን ትንሽ መስኮት። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመሩ፤ ፈረሱ የት ያድራል፣ ሲዘንብ ያፈሳል፣ ውሻ ነበራችሁ። ለሁሉም ይሥላሉ። ሰሌዳው ሞልቶ ዳር ዳሩ ላይ ቀጠሉ። የእረፍት ደወል ተደወለ። ከልጆቹ ብድግ ያለ አልነበረም።